«በግል ጉዳይ»

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ መገጣጠሚያዬ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ እያለኝ ነው። መልቀቂያ አስገብቼ ቤቴ ልቀመጥ ወይ?» አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር ሠርታለች። «ቆይ፣ ምንም ወረቀት እንዳትፈርሚ» ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያ ቀያሽ መጣብኝ።

በ2005 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። እሱ 17 ዓመት ያገለገለ ቀያሽ ነው። አንድ ቀን ወደ ቦርከና ዳር አብሬው ወርጄ ድንገት ዝናብ ያዘን። ኮቱን አውልቆ መሣሪያውን ሸፈነበትና እሱ በሸሚዙ በሰበሰ። ሥራውን እንዲያ ነበር የሚወደው።

ኋላ ላይ ስኳሩ እግሩን ያዘው። አንድ ጠዋት ቢሮዬ ሲገባ ያበጠው እግሩ እንዲገባለት የቀኝ ጫማውን ከላይ በምላጭ ቀዶታል። ማመልከቻውን ሰጠኝ። «በሕመሜ ምክንያት ሥራዬን መቀጠል ስላልቻልኩ» ብሎ ይጀምራል። «እንዲህ ካልክ የሐኪሞች ቦርድ ይጠየቅብሃል፣ ወራት ይፈጃል። ‹በግል ጉዳይ› በለውና በአንድ ወር ትጨርሳለህ፤ ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብልሃል» አልኩት። ሕመሙን ሰው እንዲያውቅበት አይፈልግም ነበርና ደስ አለው። ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በክራንች ሆኖ ከባለቤቱ ጋር መጣ። እሷ ከፌስታል ውስጥ የሐኪም ወረቀቶች እያወጣች ደረደረችልኝ። «ይኼ ሁሉ ማስረጃ አይሠራም?» አለችኝ። ፋይሉ ግን «በራሱ ፈቃድ» ይላል።

ሲወጡ ሒሳቡን ሠራሁት። አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በጤና ጉድለት ሲሰናበት የዕድሜ ልክ አበል አለው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይወሰድና ለአሥሩ ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። የእሱ 38.75 በመቶ መጣ። አማካይ ደመወዙ 2,400 ብር ነበርና በየወሩ 930 ብር። እሱ ቢሞት ግማሹ ለባለቤቱ ይቀጥል ነበር። ያንን ወረቀት አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። «ቃሉን ያስለወጥኩህ እኔ ነኝ» ብዬ አልነገርኩትም። ጭራሽ «አንተ ምን ታደርግ» ብሎ እሱ አጽናንቶኝ ሄደ።

ልጆቼ፣ ዛሬ ሥራ መልቀቅ ሸሚዝ እንደ መቀየር ቀሎባችኋል። ከደመወዛችሁ ሰባት በመቶ ለጡረታ እየተቆረጠ፣ አሠሪው አሥራ አንድ በመቶ እየጨመረበት፣ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? መጠየቂያው ስልክ እጃችሁ ላይ ነው። በሌላ በኩል እናንተ ሕመማችሁን እንደኛ አትደብቁም፤ በዚህስ ትበልጡናላችሁ። ያ ሰው ባያፍር ኖሮ እኔም ያንን ምክር ለመስጠት ባልደፈርኩ ነበር። እንዲህ ማለቴም ጥፋቴን እሱ ላይ ማላከክ ነው መሰለኝ።

ለዚያች ልጅ በማግስቱ ደወልኩላት። አሥር ዓመት ሳይሞላት በጤና ጉድለት ብትሰናበት የሚደርሳት አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ነው። አምስት ወር ቀርቷታል። በሕመም የምትማቅቅ ልጅ ለአበል ብላ ትሰበር አልልም፤ ጤና ይቀድማል። ግን ደግሞ አምስት ወር ናት! የሕመም ፈቃድም አላት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ቀለል ያለ ሥራ ላይ እንዲያዛውሯትም በጽሑፍ ትጠይቅ፤ የአለቃ የቃል ተስፋ ፋይል ውስጥ አይገባም።

ማመልከቻዋን ቅዳሜ ይዛልኝ ትመጣለች። ሳላነበው እንዳታስገባ አጥብቄ ነግሬአታለሁ።