ጡት እያጠቡ የጨረር አዮዲን? አይሆንም!

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከሰበታ ነው። 31 ዓመቴ ነው። የእንቅርት ሆርሞንሽ በዝቷል ተብዬ ጨረር ያለው አዮዲን ታዘዘልኝ። ጎረቤቶቼ «ፀጉርሽ ይረግፋል፣ ቤቱንም ትመርዢዋለሽ» ሲሉኝ ፈርቼ 3 ወር አለፈኝ። እስከዚያው አክስቴ ከውጭ የላከችልኝን የአዮዲን ጠብታ እየወሰድኩ ነው። የምንኖረው አንድ ክፍል ቤት ነው፤ የ10 ወር ልጄንም አጠባለሁ። ፀጉሬ እውነት ይረግፋል?

መልስ፦ አይረግፍም። ግን እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳዎት የፀጉርዎ ነገር አይመስለኝም። ልጄን እጎዳት ይሆን የሚለው ነው።

የታይሮይድ እጢ፣ እንቅርት የምንለው፣ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ስለሆነ፣ አዮዲንን ከደም የሚስብበት በር አለው። የታዘዘልዎ ጨረር ያለው አዮዲን፣ አዮዲን-131ም በዚያው በር ይገባል፤ እጢው አይለየውም። ውስጥ ሆኖ የሚረጨው ቤታ ጨረር ቢበዛ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በአብዛኛው የሚያጠፋው እጢውን ራሱን ነው። ከ1941 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሕክምና ነው። የኑክሌር ሕክምና ጭንቀቱ ሁሉ እንዲህ ያለ ዒላማ ማግኘት ነው፦ የታመመው ላይ የበዛ፣ ጤነኛው ላይ ያነሰ። ለፕሮስቴት ካንሰር፣ ካንሰሩ ሴሎች ላይ የሚበዛ ፒኤስኤምኤ የሚባል ፕሮቲን ለዒላማ ተመርጧል፤ እሱም ቢሆን መድኃኒቱ ምራቅ እጢ ላይ ስለሚያዝ አፍ ያደርቃል።

የእርስዎም ዒላማ እንከን አለው። ያው በር የሚያጠባ ጡት ላይም አለ! ጨረሩ ወደ ወተቱ ይገባል፣ ከወተቱ ወደ ልጅቷ፣ ከዚያም ወደ እሷ ታይሮይድ። እጢዋን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመውሰድዎ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት ጡት ያስጥሏት። «ለጥቂት ቀን እያለብኩ ብደፋውስ?» የሚሉኝ አሉ። አይሆንም። «ማታ ማታ ብቻስ?» እሱም አይሆንም። ይህችን ልጅ ዳግም አያጠቧትም። የሚቀጥለውን ልጅዎን ግን ያጠባሉ። እርግዝና አለመኖሩም ቀድሞ በምርመራ ይረጋገጥ፤ ከሕክምናው በኋላም ቢያንስ 6 ወር አያርግዙ።

ጠብታውን ግን ማን አዘዘልዎ? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። የሆርሞኑን መብዛት ሊያባብሰው ይችላል። ደግሞም እጢዎን ማታ አየር ጤና ላይ እንደሚቆም የሰበታ ታክሲ ይሞላዋል። ሞልቷል! የታዘዘልዎ አዮዲን መቀመጫ አጥቶ በሽንት ይወጣል። ዛሬውኑ ያቁሙት። ቀጠሮዎ በዚህ የተነሳ በሳምንታት ሊገፋ ይችላል፤ 3 ወር ላይ የሚጨመር ነው። እስከዚያው ትኩሳት ከያዘዎት፣ ልብዎ ቁጭ ብለው እየደለቀ አልበርድ ካለ፣ ወይም ከተምታታብዎ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቤቱ አይመረዝም፤ የአዮዲኑ ኃይል በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሕፃኗ ግን አያቷ ጋ ትቆይ። ለስንት ቀን እንደሆነ የሚሰጥዎትን መጠን የሚያውቀው ሐኪም ይነግርዎታል። ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነም ከሐኪሙ አይደብቁት። ኋላ እጢው ሲደክም በየቀኑ ሆርሞኑን የምትተካ አንዲት እንክብል ይውጣሉ፤ ከባድ አይደለም።

ወደ ሐኪምዎ ሲሄዱ የጠብታውን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ።