ከራስዎ ውሻ በፊት የሌላ ሰው ውሻ ስትወልድ ይዩ

ጥያቄ፦ ክቡር ዶክተር፣ አሥራ አራት ወር የሞላት የጀርመን ሼፐርድ ዝርያ ሴት ውሻ አለችኝ። የዚያው ዝርያ ወንድ ያለው ጎረቤቴ «በሚቀጥለው ጊዜ ደም ስታሳይ ወንዱን አመጣልሃለሁ፤ ከሚወለዱት አንዱን ትሰጠኛለህ» ብሎኛል። ስለ ውሻ እርባታ ብዙ ቪዲዮ ተመልክቻለሁ፤ አጎቴ ደግሞ «ውሻ አዋላጅ አትፈልግም፣ ምን ያስጨንቅሃል» ይለኛል። ሥራውን በአግባቡ ለመልመድ ከየት ልጀምር?
መ. ገ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አጎትዎ ከፊል እውነት አላቸው፤ ጤነኛ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሰው እርዳታ ትወልዳለች። ይሁን እንጂ የአርቢው ሥራ በአብዛኛው ያለው ከስሪያው በፊት በሚደረገው ምርመራና ከወሊድ በኋላ ባሉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ፣ የእኔ ምክር የውሻዎን የሚቀጥለውን ዙር እንዲያሳልፉትና ያን ጊዜ ልምድ ባለው አርቢ ቤት በመማር እንዲጠቀሙበት ነው።

ማሳለፉ ሌላም ምክንያት አለው። የጀርመን ሼፐርድ በዘር ከሚወረሱ ችግሮች ዋነኛ በሆነው የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት የሚታወቅ ዝርያ ሲሆን፣ ጉድለቱ እየሮጠች በምትጫወት ወጣት ውሻ ላይ በዓይን ላይታይ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የውሾችን ዳሌ በራጅ መርምሮ የሚመዘግበው ተቋም ቋሚ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ቢጠብቁና ያን ጊዜ ወንዱም ሴቷም ራጅ ቢነሡ ይሻላል። ከዚህም ጋር ሁለቱም በስሪያ ከሚተላለፈው የብሩሴላ በሽታና በየመንደሩ በሚዞሩ ውሾች ላይ ከምናየው የብልት ዕጢ ነጻ መሆናቸው በሐኪም ይረጋገጥ።

ወደ ልምምዱ ስንመጣ፣ የሚፈልጉት መምህር ቡችሎቹን ከእናታቸው ጋር ሊያሳይዎ ፈቃደኛ የሆነ፣ የክትባት መዝገብ የሚይዝ፣ የሞቱበትንም ቡችሎች ሳይደብቅ የሚናገር ሰው ነው። አንዲት ውሻ ደም ካሳየችበት ቀን ጀምሮ ቡችሎቿ እስኪለዩ ድረስ ያለውን ሂደት ሳያቋርጡ ይከታተሉ። ከቪዲዮ የማይገኘው ነገር ብዙ ነው። ለምሳሌ ሴቷ ወንዱን የምትቀበልበት ቀን ብዙውን ጊዜ ደም ካሳየች ከዘጠነኛው ቀን በኋላ ቢሆንም ከውሻ ውሻ ስለሚለያይ፣ አርቢው ከቀን ቆጠራው ይልቅ የደሙን መሳሳትና ጅራቷን ወደ ጎን ማድረጓን ያስተውላል። ከስሪያው በኋላ ሁለቱ ተጣብቀው ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ሊቆዩ ይችላሉ፤ በሰፈራችን ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩት፣ አዋቂውም ውኃ የሚደፋው ይህን ጊዜ ነው። ሁለቱንም ይጎዳቸዋልና በጸጥታ ይተዉአቸው።

እርግዝናው በአማካይ 63 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ጀማሪዎች በቅንነት የሚፈጽሙት ስሕተት የካልሲየም ክኒን መስጠት ነው፤ ተጨማሪው ካልሲየም ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣት የሚገባውን እንዳያወጣ ስለሚያዘናጋው፣ ማጥባት ስትጀምር ለሕይወቷ በሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊጥላት ይችላል። በመጨረሻው ሳምንት ሙቀቷን ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ከ37.2 ዲግሪ በታች ከወረደ ምጡ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን ወሊድ ያየሁት በአንዲት አዛውንት አርቢ ቤት ነበር። ሰዓቴን እያየሁ ስንቆራጠጥ ሴትዮዋ ከክፍሉ አስወጡኝ፤ ቆሞ የነበረው ምጥ እኔ ከወጣሁ በኋላ ቀጠለ። የተረበሸች ውሻ ምጧ ሊቆም እንደሚችል በመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ረባሹ እኔ መሆኔን ግን ከዚያ ቀን በፊት አላሰብኩትም። ሐኪም ሊጠራ የሚገባበትንም ሰዓት ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ውሻዋ ሳታቋርጥ ለግማሽ ሰዓት በኃይል አምጣ ምንም ካልወጣ፣ በሁለት ቡችሎች መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፣ ወይም የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወለድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ቡችሎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችሉ፣ የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ከረኃብ ቀድሞ ይገድላቸዋል። የቀዘቀዘ ቡችላ ወተት ስለማይፈጭ መጀመሪያ ቀስ ብሎ መሞቅ፣ ከዚያ መጥባት አለበት፤ ይህን ቅደም ተከተል የሚያዛባ ጀማሪ ብዙ ነው። እንገሩን በተወለዱበት ቀን ማግኘታቸውን ይከታተሉ፤ በየቀኑም በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኗቸው፤ ክብደት መጨመር ያቆመ ቡችላ ገና ሳያለቅስ ችግሩን ይናገራል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ሰው፣ ሕፃን፣ የመኪና ድምፅ ይልመዱ፤ ይህን ወቅት በጨለማ የውሻ ቤት ያሳለፈ ቡችላ አድጎ ፈሪ ወይም ነካሽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የትል መድኃኒትና ክትባት በሐኪምዎ መርሐ ግብር ይሂድ፤ አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ሰው የሚቀጥፍባት ስለሆነች፣ ቡችላ የሚገዛው ሰው የዚህን ክትባት ጊዜ በጽሑፍ ይዞ ይሂድ።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ ስምምነቱ ከስሪያው በፊት በጽሑፍ ይሁን። የሚሰጠው ቡችላ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ እንደማይለይ፣ አንድ ቡችላ ብቻ ቢወለድ ወይም በቀዶ ሕክምና መውለድ ግድ ቢሆን ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይገለጽ። የራጁንም ነገር አሁኑኑ ያንሡላቸው፤ ወንዱን ለማስመርመር ካልፈቀዱ ሌላ ወንድ ለመፈለግ በቂ ጊዜ አለዎት።