ወፎቹ የሄዱበትንም ቀን ጻፉ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ሥነ ሕይወት ለምትማሩ፣ ወፍ ለምትወዱ፣ ወይም ዝም ብላችሁ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ደስ ለሚላችሁ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ወፍ ስመለከትና ስለ ወፍ ሳስተምር ነው። ከእናንተ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «የሰሜን ዋልታ በረዶ ቢቀልጥ እኛን ምን አገባን?» የሚል ነው። በጣም ያገባናል።

ኅዳር ላይ ዝዋይ ወይም አብያታ ሐይቅ ዳር ብትቆሙ ጭቃውን በመንቁራቸው እየወጉ የሚበሉ ትናንሽ ወፎች ታያላችሁ። ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ የተፈለፈሉት በሰሜን ሩሲያ ቱንድራ ነው፤ ዛፍ በማይበቅልበት፣ አፈሩ ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ በሆነበት አገር። ጣና ዙሪያ ከአጨዳ በኋላ የቀረውን እህል የሚለቅሙት፣ እግራቸውና አንገታቸው ረጅም የሆነው ግራጫ ክሬኖችም የሩቅ እንግዶች ናቸው። ኢስቶኒያ ውስጥ የሳተላይት መሣሪያ የተገጠመላቸው ክሬኖች እኛ ዘንድ ድረስ ሲመጡ ተመዝግቧል። (የመስቀል ወፍ የምንላት ግን የትም አልሄደችም፤ እዚሁ ኖራ ክረምቱ ሲወጣ ላባዋን ስለምትቀይር ነው ዓይናችን ውስጥ የምትገባው።)

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። እነዚህ ወፎች ከአፍሪካ የሚነሡት በውስጣቸው ባለው ዓመታዊ ሰዓትና በቀኑ ርዝመት ተመርተው ነው። እዚህ ሆነው ሳይቤሪያ ሞቀ አልሞቀ ማወቅ አይችሉም። በረዶው ግን የሚቀልጠው ሙቀትን ተከትሎ ነው፤ ነፍሳቱም የሚወጡት በረዶው ሲለቅ ነው። ጫጩት የሚያድገው ደግሞ ነፍሳት በብዛት በሚገኙባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው። ድሮ ሁሉም ይገጣጠም ነበር። ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የአርክቲክ አካባቢ (የሰሜን ዋልታ ዙሪያ) ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። ነጩ በረዶ ፀሐይን ወደ ሰማይ ይመልስ ነበር፤ እሱ ሲቀልጥ ጥቁሩ መሬትና ባሕሩ ሙቀቱን ይመጥጡታል፣ ያ ደግሞ ሌላ በረዶ ያቀልጣል። በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ቨርኮያንስክ በምትባል የሳይቤሪያ ከተማ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። አዋሽ ላይ ቢሆን አይገርምም፤ ግን ከአርክቲክ ክበብ በላይ ነው።

ሬድ ኖት የምትባለውን ወፍ ታሪክ ሁሌ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፣ ምክንያቱም ሰሜንና አፍሪካን እንዲህ አድርጎ የሚያገናኝ ሌላ ምሳሌ አላውቅም። ታይሚር በሚባለው የሩሲያ ባሕረ ገብ መሬት ጫጩቶቿን ትፈለፍላለች፣ ብርዱን ሞሪታንያ የባሕር ዳርቻ ታሳልፋለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ በተሰበሰበ መረጃ፣ በታይሚር በረዶው የሚቀልጥበት ቀን በየዓመቱ በግማሽ ቀን ገደማ እየቀደመ መጥቷል። ነፍሳቱ ቀድመው ወጥተው ስለሚያልቁ ጫጩቶቹ በቂ ምግብ አያገኙም፤ በአካል አነስ ብለው፣ መንቁራቸው አጠር ብሎ ያድጋሉ። ሞሪታንያ ሲደርሱ ዋናው ምግባቸው አሸዋው ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀበረ ዛጎል ለበስ እንስሳ ነው። አጭር መንቁር እዚያ አይደርስም። ጥናቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሳነበው እንቅልፍ ነሳኝ፤ ጉዳቱ የደረሰው ሰሜን ላይ ነው፣ ወፎቹ የሚሞቱት ግን አፍሪካ መጥተው ነው።

ይህን ስላችሁ ግን ሁሉንም ነገር በአየር ንብረት እንዳታሳብቡ አደራ እላለሁ። አብያታ የሸሸው በዋናነት ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ (መስታወትና ሳሙና ለመሥራት የሚውል ማዕድን) ምርት ስለተወሰደበት ነው። ይህ የኛው ሥራ ነው፣ በእጃችንም ያለ ነው። ሰሜን ላይ ተጎድቶ የመጣ ወፍ እዚህ ረግረጉ ደርቆ ከጠበቀው ምን ተስፋ አለው? ደግሞ አንድ ዓመት ክሬን አነሰ ብላችሁ «አለቁ» ብላችሁ አትጻፉ። አውሮፓ ብርዱ ስለቀለለ ድሮ ወደ ደቡብ ይወርዱ የነበሩ ብዙ ክሬኖች አሁን ጀርመንና ፈረንሳይ ይከርማሉ። ላለመምጣት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መለየት የሚቻለው መረጃ ሲኖር ብቻ ነው።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። ውድ የሩቅ ማያ መነጽር እስክታገኙ አትጠብቁ። ቀን፣ ቦታ፣ የወፉ ዓይነት፣ ስንት እንደነበሩ ጻፉ፤ ኢበርድ የሚባለውን ያዩትን ወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ እዚያም አስገቡ። ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን ጠይቁ፣ ክሬን ማሳው ላይ መቼ እንደሚወርድ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ጥር አካባቢ በብዙ አገሮች የውሃ ወፎች ቆጠራ ይደረጋል፤ እኛም ጋ አለና የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጠይቁና ተሳተፉ።

እና እባካችሁ፣ መምጫቸውን ብቻ አትመዝግቡ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሁሉም ይጓጓል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ሰሜን ላይ በረዶው ቀድሞ እየቀለጠ ወፎቹም ከዚህ ቀድመው መነሣት ጀምረው እንደሆነ የሚነግረን ግን የመጨረሻዋን ወፍ ያያችሁበት ቀን ነው። እሱን ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ጻፉት።