የልጅነት ጥቃትና ትዝታ በፊልም፦ ጥያቄና መልስ

በልጅነት ስለደረሰ ወሲባዊ ጥቃት ከተሠሩ ፊልሞች አንድ ምረጥ ብትባልስ?

ጄኒፈር ፎክስ ከራሷ ሕይወት ተነስታ የሠራችውን «ዘ ቴል» (በፈረንጆች 2018)። ሎራ ደርን የምትጫወታት ሴት በ13 ዓመቷ አሠልጣኟ ያደረሰባትን ነገር «የመጀመሪያ ፍቅሬ» እያለች ነው የኖረችው። በትዝታዋ ራሷን የምታያት ጠና ያለች ኮረዳ አድርጋ ነው። አንድ ቀን እናቷ የዚያን ጊዜ ፎቶዋን ታሳያታለች። ሚጢጢ ልጅ! ከዚያ በኋላ ያየነው ትዕይንት ይደገማል፤ አሁን ግን የምትጫወተው በጣም ትንሽ ልጅ ናት። እኔ እዚህ ጋ ፊልሙን አቁሜ ተነስቼ ነበር። ሴትየዋ ዋናውን ነገር አልረሳችውም እኮ። ልትሸከመው በምትችለው መልክ ነው ያስቀመጠችው።

ብዙ ፊልም ላይ ግን ተጎጂው ሁሉን ረስቶ ኖሮ ድንገት ትዝ ይለዋል። እውነት ነው?

የፊልም ዳይሬክተሩ የአልፍሬድ ሂችኮክ «ማርኒ» (1964) እንደዚያ ነው። ትዝታው ሲመጣ ቋጠሮው ይፈታል። ለድራማ ይመቻል፣ ግን ያሳስታል። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ዋናውን ነገር ያስታውሳሉ፤ የሚያንቃቸው መናገሩ ነው። ዘግይቶ በሚመለስ ትዝታ ላይ ተመራማሪዎች በተለይ በ1990ዎቹ ክፉኛ ተከራክረዋል። በጉትጎታ ብዛት ያልሆነ ነገር «ማስታወስ» እንደሚቻልም ታይቷል። ይህን ይዞ «ዋሽተሻል» ማለት ግን ግፍ ነው። የቀኑና የሰዓቱ መምታታት ነገሩ አልደረሰም ማለት አይደለም።

ሕፃናት ተዋናዮቹስ አይጎዱም?

መጠንቀቅ ግዴታ ነው። «ዘ ቴል» ላይ ለከባዶቹ ትዕይንቶች አዋቂ ሴት ነው የተተካችው። ፊልሙም ይህን በጽሑፍ ይናገራል።

ቤተሰብ ሲሸፋፍን የሚያሳይ አለ?

የቶማስ ቪንተርበርግ «ፌስተን» (1998)፣ ከዴንማርክ። በአባቱ 60ኛ ልደት ግብዣ ላይ ትልቁ ልጅ ተነስቶ አባቱ ያደረገውን ይናገራል። እንግዶቹ ትንሽ ይደነግጡና ግብዣው ይቀጥላል! «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» ሲባል ላደገ ሰው ያ ማዕድ እንግዳ አይሆንበትም።

እኔ ራሴ ያለፍኩበት ነኝ። ልያቸው?

እህቴ፣ ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም። ካየሽም መጀመሪያ ታሪኩን አንብቢ፤ ያልጠበቅሽው ትዕይንት እንዳይመጣብሽ። ማታ ብቻሽን አትዪ፣ የምታምኚው ሰው አጠገብሽ ይኑር። ልብሽ በኃይል ከመታ ወይም ሰውነትሽ ከደነዘዘ አጥፊው። ስሜቱ ቀናት ከቆየብሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ።