ግማሽ ሊትሯ የት ገባች?

ልጆቼ፣

ጋቢዬን ደርቤ፣ ጣቶቼን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅሁ ነው የምጽፍላችሁ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የምታውቁ ኪቦርድም እንደሚበርድ ታውቃላችሁ።

በ2009 ዓ.ም. ለአንድ የወተት ማኅበር ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁ። አባሉ ያስገባውን ሊትር ይመዘግባል፣ የቀን አማካዩን ያወጣል። ቤቴ ሞከርኩት፤ ሸጋ ነው። ወስጄ ማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ አንድ ቀን 7፣ በማግስቱ 8 ሊትር አስገብቻለሁ። ወረቀትህ አማካዩ 7 ነው ይላል። ግማሽ ሊትሯ የት ገባች?»

መልስ አጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ሳገላብጥ ዋልኩ። ቤት ስሞክረው 7.5፣ እዚያ 7። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ለካ ቨርዥናቸው፣ ማለትም እትማቸው፣ ይለያያል፤ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ፓይተን 3 ነው፣ የእነሱ ደግሞ 2.7። ፓይተን 2 ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። 15ን ለ2 አካፍሎ 7 ይልና ዝም። ስህተት ብሎ ቢጮህ ኖሮ በደቂቃ አገኘው ነበር!

ዛሬ የሰው ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ከሰላምታ ቀጥሎ የፓይተኑን ቨርዥን ለማየት ተርሚናሉን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ እከፍታለሁ። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ፓይተን፣ ስፔስ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ቨርዥን (python --version) ብዬ ኢንተር። አጭሩ አንድ ሰረዝና ትልቁ ቪ (python -V) ነው። ትንሹን ቪ ከጻፋችሁ ስክሪኑ በጽሑፍ ይጥለቀለቃል። አትደንግጡ፤ የሚጭነውን ሞጁል፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ክፍል፣ ሁሉ እየተረከላችሁ ነው። ሊኑክስና ማክ ላይ ከስሙ ኋላ 3 ጨምሩበት።

ብዙዎቻችሁ ግን እዚህ ላይ ታቆማላችሁ። አንድ ማሽን ላይ ሦስት ፓይተን ሊኖር ይችላል። ተርሚናሉ አንዱን ይጠራል፣ ኮድ የምትጽፉበት ኤዲተር ሌላውን። በቀበሌው ሁለት አበበ ካለ የማን ልጅ እንደሆነ ትጠይቁ የለ? እንደዚያው ነው። ኮዱ ውስጥ ሲስ (sys) የሚባለውን ሞጁል አስገቡና የሲስን ቨርዥን (sys.version)፣ ቀጥሎም የሲስን ኤክስኪዩተብል (sys.executable) አሳትሙ። ሁለተኛው የትኛው ፎልደር ውስጥ ያለው ፓይተን እንደመለሰላችሁ ይነግራችኋል።

«2.7 እኮ ሞቷል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2020 መግቢያ ጀምሮ ድጋፉ ቆሟል። ግን ፓይተን 3ቶቹም እርስ በርስ ይለያያሉ፤ ለምሳሌ ማች (match) የሚለው ትእዛዝ ከ3.10 በታች አይሠራም። ደግነቱ እሱ ይጮሃል።

የማኅበሩን ኮምፒውተር አስተካክዬ አዲስ ወረቀት አወጣሁላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው 7.5ን አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«የሌሎቹስ?» አሉኝ።

የሁሉንም ስናወጣ አመሸን።