የእናቴ ክሬአቲኒን «ኖርማል» ነው ተባለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጅማ መርካቶ ቅመም ትሸጣለች። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። በቅርቡ ደሟን ስትመረመር ክሬአቲኒኗ 1.1 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፤ «ኖርማል ነው» ተባልን። እሷም «ኩላሊቴ ደህና ነው» ብላ ክትትሏን ልትተው ነው። ምን ይሉናል? (ልጇ፣ ከሂርማታ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክትትሉን እንዳይተዉ አደራ።

ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወግደዋል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ግን ጡንቻቸው የሳሳ እናቶች ድሮውንም የሚያመነጩት ትንሽ ነው፤ ኩላሊታቸው ቢደክምም ቁጥሩ ኖርማል ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ዕድሜና ጾታ ገብቶበት የማጣራት አቅሙ ይሰላል፤ ጂኤፍአር የሚባለው እሱ ነው። ያንኑ 1.1 በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የጂኤፍአር ማስሊያ ቀመር (ሲኬዲ-ኢፒአይ ይባላል) አሰላሁት። ለ25 ዓመት ጎረምሳ 95 ገደማ ይወጣል፤ ምንም አይልም። ለእናትህ ግን 55 አካባቢ ነው! ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ የኩላሊት በሽታ ይባላል።

አትደንግጥ፤ በአንድ ምርመራ አይፈረድም። የበሰለ ሥጋ በደንብ ከተበላ በኋላ ክሬአቲኒን ለጊዜው ከፍ ይላል። እኔ የበዓል ማግስት ውጤት ብዙም አላምንም። ከሦስት ወር በኋላ ይደገም። ሲስታቲን ሲ የሚባል፣ ጡንቻ ብዙም የማያዛባው የደም ምርመራም አለ፤ ከተገኘ ጥሩ ነው።

ደሙ ብቻውን ግን አይበቃም። የሽንት አልቡሚን (የደም ፕሮቲን ነው) ከሽንቱ ክሬአቲኒን ጋር ተነጻጽሮ ይለካላቸው። 30 ሚሊ ግራም በግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኩላሊት ፕሮቲን እያፈሰሰ ነው። ጂኤፍአር ሳይወርድ በፊት ይህ ሊታይ ይችላል። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ተራ የምርመራ ወረቀት ትንሹን መጠን ሳያሳይ ያልፈዋል፤ ስለዚህ «ሽንቷ ንጹህ ነው» ብትባሉ የቱ ምርመራ እንደሆነ ጠይቁ። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል። የሽንት ኢንፌክሽን ወይም ትኩሳት ካለ ግን ይቆይ።

ስለ ጉልበት ሕመም አልጻፍክልኝም። ግን ቀኑን ሙሉ ቅመም ፊት ቁጭ የሚሉ እናት ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ ገዝተው አይውጡም ብዬ አልምልም። እስቲ ቦርሳቸውን እይ። ስኳርና ግፊት ላለበት ኩላሊት እነዚህ ጠላት ናቸው።

ለቀጠሮ ስትሄዱ የድሮ የላብራቶሪ ውጤቶቻቸውን ሰብስባችሁ ያዙ። አምና 0.8 ከነበረ፣ የዘንድሮው 1.1 ሐኪሙን ሌላ ጥያቄ ያስጠይቀዋል።