ጣና፦ ባሕር ወይስ ሐይቅ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ አመላልሳለሁ። ጣናን እንደ አያቶቼ «ባሕሩ» እለዋለሁ። በቅርቡ አንድ መምህር «ባሕር ጨዋማና ከውቅያኖስ የተያያዘ ውኃ ነው፤ ይህ ሐይቅ ነው» ብለው አረሙኝ። ለጀልባዬ አዲስ ሰሌዳ ላጽፍ ነውና ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ ሳይሳሳቱ ታርመዋል። እኒያ መምህር የተሳፈሩባትን ከተማ ስም ቢያስተውሉ ኖሮ ባላረሙዎት ነበር። ወይስ እርሷንም «ሐይቅ ዳር» ሊሏት አስበዋል?

ይህን የጨውና የውቅያኖስ መለኪያ የሚያራግቡ ወገኖችን ከዚህ በፊትም ተሟግቻቸዋለሁ። ባሕርን ባሕር የሚያሰኘው ጨው ከሆነ ሻላና አብያታ ባሕር ሊባሉ ነው፤ ጌታ በዳሩ የተመላለሰበት የገሊላ ባሕር ደግሞ ጨው አልባ ነውና ከወንጌል ሊፋቅ ነው። መለኪያው ከውቅያኖስ መገናኘት ነው ካሉም ዙሪያውን በየብስ የተዘጋው ካስፒያን ስሙን ይነጠቃል። ጣና ግን ግልገል ዓባይን፣ ርብን፣ ጉማራንና መገጭን ተቀብሎ፣ እዚያው እናንተ ደጃፍ ላይ ዓባይን ያወጣል፤ ዓባይም በካርቱም ከነጭ ዓባይ ተገናኝቶ ሜዲትራንያን ይደርሳል። በዚህ ሚዛን ከካስፒያን ይልቅ ለባሕርነት የሚቀርበው ጣና ነው።

«ባሕር» በግእዝም በዓረብኛም ከአንድ ሥር የበቀለ ቃል ነው። ዓረቦች ለወንዝ ሳይቀር ይሉታል፤ ነጭ ዓባይ በደቡብ ሱዳን ሲያልፍ ስሙ ባሕር ኤል ጀበል ነው፣ ከምዕራብ የሚገባለት ገባር ደግሞ ባሕር ኤል ጋዛል። እኛም ቃሉን በጨው አልወሰንነውም። ባሕረ ነጋሽ የቀይ ባሕርን ወገን የሚገዛ ሹም ነበር፤ ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። ቃሉ የያዘው ስፋትን ነው፣ ማዶው በቀላሉ የማይደረስበትን ውኃ። ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ለሚያሻግር ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ባሕር አለ?

አሁን ወደ «ሐይቅ» እንምጣ፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። በግእዝ ሐይቅ ቀድሞ ዳርቻ ማለት ነው፣ ውኃውና የብሱ የሚገናኙበት ጠርዝ። «ሐይቀ ባሕር» ሲባል የባሕር ዳር ማለት ነው። እንግዲህ ከተማዎ በግእዝ ብትሰየም ኖሮ «ሐይቀ ባሕር» ትባል ነበር፤ «ጣና ሐይቅ» የሚለውም በጥንቱ ፍቺ ውኃውን ትቶ ዳሩን ብቻ የሚጠራ ይሆናል። ካርታ ባየሁ ቁጥር ይህ ያስቀኛል።

ተሟጋቾቼ ግን አንድ የሚጎረብጥ ማስረጃ አላቸው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት የወሎው ሐይቅ እስጢፋኖስ ስሙን ያገኘው ከውኃው ነው። ስለዚህ ቃሉ ከዳር ተነሥቶ ወደ ውኃው የገባው ትናንት አይደለም። ቃል እንዲህ መሸሹም ብርቅ አይሆንም፤ በግእዝ «ፈለግ» ወንዝ ነው፣ የእናንተው የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ስምም የሕይወት ወንዝ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ፈለግ ዱካ ሆኖ ቀርቷል። «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» የተባለ ሰው ወንዝ ለወንዝ ወረደ ብሎ የሚያስብ የለም።

የትምህርት ቤት መጽሐፉም፣ ካርታውም፣ ጋዜጣውም ዛሬ «የጣና ሐይቅ» ይላሉ። እቀበለዋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። ማዕበል ሲነሣ «ባሕሩ ተቆጣ» የሚለው ለጆሮዬ ቁጣ አለው፤ «ሐይቁ ተቆጣ» ግን የአየር ትንበያ ይመስለኛል። ጣዕም ማስረጃ አይሆንም ለሚሉኝ መልስ የለኝም፤ ጣዕሜን ግን አልለውጥም።

ለሰሌዳው «የጣና ሐይቅ» ብለው ያጽፉ፤ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ በቀላሉ የሚያውቀው ይህንን ነው። በአፍዎ ግን «ባሕሩ» ማለትዎን አይተዉ፣ ለማንም አራሚ አይበገሩ። ሠዓሊውን አንድ ነገር ያሳስቡልኝ፦ ሐይቅም ባሕርም በሐመሩ ሐ ናቸው። ለጉዞው ጢስ ዓባይንም የሚጨምሩ ከሆነ በዐይኑ ዐ ይጻፍ። ወንዙ ስሙን ያገኘው በግእዝ ታላቂቱን ዐባይ ከሚለው ቃል ነው፤ በአልፋው አ የተጻፈው «አባይ» ግን «አበለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፣ ፍቺውም ውሸታም።